ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ የበረራ ጊዜው ሁለት

በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያና በዋሽንግተን ደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው የአየር ርቀት 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት ለሚሄደውም ሆነ ለሚመለሰው መንገደኛ አንድ ነው። የጉዞው ጊዜ ግን አንድ አይደለም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው ጉዞ በመካከል የሚደረገውን ማረፊያ ጨምሮ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይወስዳል።

ይህ ልዩነት ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። ዋሽንግተን የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚገኙባት ከተማ በመሆኗ፣ ለስብሰባ፣ ለድርድርና ለሥልጠና ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሚጓዙ የመንግሥት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባም በበኩሏ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ከዚህም ሌላ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ መሥመሩ ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ አያጣም።

በመሆኑም የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጣ፣ ትኬት የሚያስቆርጥና የስብሰባ ቀጠሮ የሚይዝ የሥራ ክፍል ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስላት ይጠበቅበታል። እነዚህም በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት፣ በአየር ላይና በማረፊያ የሚያልፈው ጊዜ፣ እንዲሁም የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ናቸው። ሦስቱ ከተቀላቀሉ ልዑካን ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ሊደርሱ፣ አልያም ሌሊቱን በጉዞ አሳልፈው ዕረፍት ሳያገኙ በቀጥታ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ርቀቱ እንዴት ይለካል?

በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የዓለም ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ቢያገናኙ፣ መሥመሩ የሰሐራ በረሃን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስን በመሻገር ወደ አሜሪካ ይዘልቃል። ይህ መሥመር ለዓይን አጭሩ መንገድ ቢመስልም አጭሩ መንገድ ግን አይደለም። ምድር ድቡልቡል ስትሆን ካርታው ዝርግ በመሆኑ፣ በካርታው ላይ ቀጥ ያለው መሥመር በምድር ገጽ ላይ የጎበጠ፣ በካርታው ላይ የጎበጠው ደግሞ በምድር ገጽ ላይ አጭር ሆኖ ይገኛል።

በአንድ ሉል ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭር መንገድ፣ በሁለቱ ነጥቦችና በሉሉ እምብርት በኩል የሚያልፈው ታላቅ ክብ አካል ነው። ይህንንም በቤት ውስጥ ባለ የምድር ሉል ላይ ክር ወጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። በዚህ ስሌት መሠረት ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ቅስት 104 ዲግሪ ያህል ነው። እያንዳንዱ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ጠቅላላ ርቀቱ ወደ 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህም ከምድር ዙሪያ ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። በአቪዬሽን አሠራር ርቀት የሚለካው 1 ነጥብ 852 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው የባሕር ማይል ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ርቀቱ 6 ሺህ 240 የባሕር ማይል አካባቢ ይሆናል።

በዝርጉ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረውን መሥመር ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ግን 12 ሺህ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይኖርበታል። በታላቁ ክብ መንገድ የሚገኘው ቁጠባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በበረራ ጊዜ ሲተመን ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል።

ከዚህ የተነሣ ወደ ዋሽንግተን የሚያመራ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ መነሣት ይኖርበታል። አጭሩ መሥመር በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕርን ከተሻገረ በኋላ፣ ስፔንንና ፖርቹጋልን ተሻግሮ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይዘልቃል። በውቅያኖሱ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየታጠፈ ወደ አሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ይወርዳል።

በስሌት የተገኘውና የሚበረረው መንገድ

በስሌት የሚገኘው አጭር መሥመር አውሮፕላኑ በተግባር ከሚከተለው መንገድ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። አውሮፕላኖች የሚበሩት አገሮች ባፀደቋቸው የአየር መሥመሮችና በበረራ ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ ነው። የአየር ጠባይ፣ የመሥመሩ መጨናነቅና የጸጥታ ሁኔታ አውሮፕላኑ ከአጭሩ መንገድ እንዲወጣ ሊያስገድዱት ይችላሉ።

ለዚህም የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የሚሆነው የሱዳን ሁኔታ ነው። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት በመቀስቀሱ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኞች በረራ ተዘግቶ ነበር። የሱዳን ሰማይ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ለሚደረጉ በረራዎች የመጀመሪያው በር በመሆኑ፣ አውሮፕላኖች ወይ ወደ ምሥራቅ በቀይ ባሕር አቅጣጫ ወይ ወደ ምዕራብ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል። በሊቢያ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የተከሰተው ግጭትም በዚያች አገር ሰማይ ላይ የሚደረገውን በረራ ሲያስተጓጉል ቆይቷል። እንዲህ ያለው ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ ተጨማሪ ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ነዳጅም ያስወጣል።

ስለዚህ በሠንጠረዥ ላይ የሰፈረው 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር ዝቅተኛው ርቀት እንጂ አውሮፕላኑ በየዕለቱ የሚጓዘው ትክክለኛ ርቀት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የነፋሱ ድርሻ

በዚህ መሥመር ላይ የሚሰማሩት ረጅም ርቀት ተጓዥ ጄቶች በከፍታ ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። ነፋስ ባይኖር ኖሮ 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይበቃ ነበር። አውሮፕላኑ ግን የሚበረው በሚንቀሳቀስ አየር ውስጥ ነው። የሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ፍጥነት ከአየሩ አንጻር የሚለካ ሲሆን፣ መንገደኛውን ካሰበበት የሚያደርሰው ግን ከምድር አንጻር የሚለካው ፍጥነት ነው።

በሰሜናዊው የምድር ክፍል፣ ከምድር ገጽ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ፈጣን የነፋስ ጅረት አለ። በባለሙያዎች ዘንድ ጄት ስትሪም በመባል ይታወቃል። የሚፈጠረውም በምድር ወገብ አካባቢ ባለው ሞቃት አየርና በዋልታው አካባቢ ባለው ቀዝቃዛ አየር መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ሲሆን፣ የምድር በራሷ ዛቢያ መሽከርከር ወደ ምሥራቅ እንዲያዘነብል ያደርገዋል። ልዩነቱ በሚሰፋበት በሰሜኑ ክፍለ ዓለም የክረምት ወቅት፣ ማለትም በኢትዮጵያ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ነፋሱ ይበረታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን ይህን ነፋስ ከኋላው ሲያገኝ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ደግሞ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ለምሳሌ በመሥመሩ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢኖር፣ ወደ ምሥራቅ የሚበረው አውሮፕላን ከምድር አንጻር በሰዓት 950 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚበረው ግን ፍጥነቱ ወደ 850 ኪሎ ሜትር ስለሚወርድ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በሁለቱም ስሌቶች ላይ ለመነሻና ለማረፊያ የሚያስፈልገው ጊዜ ይታከልበታል።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው ነፋስ ብቻውን የሚፈጥረው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በሄጅና በተመላሽ መካከል ያለው ልዩነት ግን እስከ አራት ሰዓት ይደርሳል። የቀረው ልዩነት ምክንያት የሚገኘው በቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ ነው።

የቦሌ ከፍታ የሚጠይቀው ዋጋ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩ ቀኑን በሙቀት ሲጋል ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል።

የአየሩ መሳሳት አውሮፕላኑን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። በአንድ በኩል ክንፉ አውሮፕላኑን ከመሬት ለማንሣት የሚያስችለውን ኃይል የሚያገኘው ከሚያልፍበት አየር በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ መጠን አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል። በቦሌ ከፍታ የሚያስፈልገው የመነሻ ፍጥነት በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። በሌላ በኩል ሞተሩም ወደ ውስጥ የሚስበው አየር አነስተኛ ስለሚሆን የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ የበለጠ ፍጥነት እየተጠየቀ በአነስተኛ ኃይል ስለሚንደረደር ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልገዋል። የጎማዎቹ የፍጥነት ገደብና ከተነሣ በኋላ ተራሮችንና ሕንጻዎችን አልፎ መውጣት ያለበት ከፍታም በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ።

ማኮብኮቢያው እንደ ልብ የሚራዘም ባለመሆኑ ቀሪው አማራጭ የአውሮፕላኑን ክብደት መቀነስ ነው። ለረጅም በረራ ከሚያስፈልገው ክብደት ውስጥ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ነዳጅ ነው። ለአብነት ያህል ቦይንግ 787 ድሪምላይነር በስምንተኛ ሞዴሉ 126 ሺህ ሊትር ገደማ ነዳጅ የሚይዝ ሲሆን፣ ይህም ወደ 100 ቶን ይመዝናል። አውሮፕላኑ በነዳጅ፣ በመንገደኛና በጭነት ተሞልቶ የሚፈቀድለት ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 228 ቶን አካባቢ ነው። ከቦሌ ሲነሣ ግን ይህን ሙሉ ክብደት ይዞ መውጣት ያዳግተዋል።

በዚህም ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለሚደረገው በረራ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ለቀጥታ በረራ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መንገደኛና ጭነት መቀነስ ነው። ሁለተኛው መንገደኛውንና ጭነቱን እንደያዙ፣ ለግማሽ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ብቻ ጭኖ በመነሣት በመካከል ነዳጅ መሙላት ነው። ወንበሮችን ባዶ አድርጎ መብረር ለአየር መንገዱ ኪሳራ በመሆኑ፣ በተለመደው አሠራር የሚመረጠው ሁለተኛው ነው።

ችግሩ የአውሮፕላኖቹ አቅም አለመሆኑን ለመረዳት ሌላ መሥመር መመልከት ይበቃል። በሲንጋፖርና በኒው ዮርክ መካከል ያለው ርቀት 15 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በመሥመሩ ላይ 18 ሰዓት የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ቀጥታ በረራ ይደረጋል። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚገኙት በባሕር ወለል አካባቢ በመሆኑ አውሮፕላኑ በቂ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው መንገድ ከዚህ በ3 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል።

የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ100 ሜትር አይበልጥም። ስለሆነም ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጁን፣ መንገደኞቹንና ጭነቱን ይዞ፣ ነፋሱም እየገፋው ያለማቋረጥ አዲስ አበባ ይደርሳል። ማረፍ ደግሞ የመነሣትን ያህል አይከብደውም፤ ቦሌ ሲደርስ አብዛኛው ነዳጅ ተቃጥሎ ክብደቱ ቀንሷልና።

መካከለኛው ማረፊያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በተለያዩ ዓመታትም ወደ ሰሜን አሜሪካ ለሚደረጉት በረራዎች ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ መካከለኛ ማረፊያ ሆነው አገልግለዋል። ሦስቱም ለባሕር ወለል የቀረቡ በመሆናቸው አውሮፕላኑ ነዳጅ ሞልቶ ለመነሣት አይቸገርም።

የማረፊያው ምርጫ በርቀቱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ግን የተለያየ ነው። በታላቁ ክብ ስሌት ከአዲስ አበባ እስከ ሮም 4 ሺህ 480፣ ከሮም እስከ ዋሽንግተን ደግሞ 7 ሺህ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በደብሊን በኩል ሲኬድ ጭማሪው ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ሲሆን ግን ርቀቱ በ1 ሺህ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ያድጋል። ይህም ሆኖ አየር መንገዶች ማረፊያ የሚመርጡት ርቀትን ብቻ አይተው አይደለም። በማረፊያው የሚሳፈረው መንገደኛ ብዛት፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የበረራ መብትና የበረራ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብም ውሳኔውን ይወስናሉ።

ለመንገደኛው ዋናው ጉዳይ የማረፊያው ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ከፍታውን ሲቀንስ፣ መሬት ላይ ነዳጅ ሲሞላና እንደገና ወደ ከፍታው ሲወጣ የሚያልፈው ጊዜ ተደምሮ ጉዞውን በሁለት ሰዓት ገደማ ያራዝመዋል። ይህ ጊዜ ከነፋሱ ተጽዕኖና ከተጨማሪው ርቀት ጋር ሲታሰብ፣ በሄጅና በተመላሽ መካከል ያለው የሦስትና የአራት ሰዓት ልዩነት ምንጩ ግልጽ ይሆናል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለው አካባቢ እንዲገነባ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ አንጻርም የሚታይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዚህ ማረፊያ የዲዛይን ሥራ ዳር አል ሃንዳሳህ ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም ስምምነት መፈራረሙ ይታወቃል። ሥፍራው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ አየሩ ከቦሌው በ4 በመቶ ያህል የታመቀ ነው። አኀዙ ትንሽ ቢመስልም፣ ከረጅም ማኮብኮቢያ ጋር ሲጣመር አውሮፕላኖች ተጨማሪ ነዳጅና ጭነት ይዘው እንዲነሡ ያግዛል።

ከትኬት ላይ የሚነበበው ሰዓት

በበረራ ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው በመቀነስ የበረራውን ርዝመት ማወቅ አይቻልም።

አዲስ አበባ ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በመደበኛ ሰዓቷ ከግሪንዊች በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት ነው ማለት ነው። ሆኖም አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ታዛውራለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ በፈረንጆቹ ማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ በኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመሆኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት 8 ሰዓት ይሆናል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀያይር፣ ለውጡ ሲደረግ ቀጠሮውን ማስተካከል የሚኖርበት የአዲስ አበባው ወገን ነው።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የ7 ሰዓት ልዩነት ባለበት ወቅት፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡30 ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ ከ17 ሰዓት ጉዞ በኋላ ይደርሳል እንበል። በአዲስ አበባ ሰዓት ማክሰኞ ከቀኑ 9፡30 ይሆናል። በዋሽንግተን ግን ገና ከጠዋቱ 2፡30 ነው። በትኬቱ ላይ የሚታየው 22፡30 እና 08፡30 የሚል በመሆኑ ጉዞው የ10 ሰዓት ብቻ ይመስላል።

ተመላሹ መንገደኛ ደግሞ በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር፣ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቦሌ ይገባል። በትኬቱ ላይ 11፡00 ተነሥቶ በማግስቱ 07፡00 እንደሚደርስ ስለሚነበብ ጉዞው የ20 ሰዓት ይመስላል። ረጅሙ ጉዞ በወረቀት ላይ አጭር፣ አጭሩ ደግሞ ረጅም ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛውን ጊዜ ለማግኘት በሄጅ ጉዞ የሰዓት ልዩነቱን በትኬቱ ላይ በሚታየው ልዩነት ላይ መደመር፣ በተመላሹ ደግሞ መቀነስ ይገባል። ለመጀመሪያው 10 ሲደመር 7 አሥራ ሰባት፣ ለሁለተኛው 20 ሲቀነስ 7 አሥራ ሦስት ይሆናል።

አጥቢያና የፈረንጆች ቀን

የኢትዮጵያ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትኬት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያው ጋር የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። በትኬት ላይ 22፡30 የሚለው ከምሽቱ 4፡30፣ 08፡30 የሚለው ከጠዋቱ 2፡30 ነው።

ይበልጥ አሳሳች የሚሆነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አዲስ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በአገራችን ልማድ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ካለፈው ቀን ጋር ተያይዞ ይታሰባል። ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 00፡30» ተብሎ ከተጻፈ በረራው የሚነሣው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። መንገደኛው ከቤቱ መውጣት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይቀረዋል።

የወር ስሞችም እንዲሁ ያምታታሉ። የፈረንጆቹ ኦክቶበር በተለምዶ «ጥቅምት» እየተባለ ስለሚተረጎም፣ ኦክቶበር 11 ቀን የተባለ ስብሰባ በደብዳቤ ላይ «ጥቅምት 11» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። በአብዛኞቹ ዓመታት ግን ኦክቶበር 11 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን ነው። ስህተቱ የ10 ቀን ልዩነት ያመጣል። በደብዳቤ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተሠራበት በግልጽ መጻፍ፣ ወይም ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስፈር ይህን ዓይነቱን ችግር ያስቀራል።

ከበረራው በኋላ የሚቀረው ሂሳብ

የበረራው ሰዓት ቢያልቅም የሰውነት ሰዓት ወዲያው አይስተካከልም። እንቅልፍንና ንቃትን የሚቆጣጠረው የሰውነት ሥርዓት ከአዲሱ ሰዓት ጋር የሚላመደው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በግርድፉ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ወደ ዋሽንግተን የሄደ መንገደኛ በዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት በመሆኑ፣ በከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ድካምና እንቅልፍ ይጫጫነዋል። ወደ ምሥራቅ በሚደረገው የመልስ ጉዞ መላመዱ ለብዙዎች የበለጠ ይከብዳል፤ ሰውነት ቀኑን ከማሳጠር ይልቅ ማስረዘም ይቀለዋልና።

ከዚህ በመነሣት ጠንከር ያለ ድርድር ያለበት ልዑክ ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድሞ እንዲደርስ ፕሮግራም ማውጣት ተገቢ ነው። ጠዋት 2፡30 በዋሽንግተን የሚያርፍ መንገደኛ የኢሚግሬሽን ፍተሻውንና ከማረፊያው እስከ መሀል ከተማ ያለውን ከ40 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ጨርሶ 3 ሰዓት ለሚጀመር ስብሰባ ሊደርስ አይችልም። የጉዞ ቀናትና የውሎ አበል ሂሳብ ሲሠራም መታየት ያለበት የመነሻውና የመድረሻው ቀን በየአገሩ ሰዓት እንጂ የበረራው ሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም። በሄጅ አንድ ሌሊት፣ በተመላሽም እንዲሁ አንድ ሌሊት በአየር ላይ ወይም በማረፊያ ያልፋል።

የሰዓት ልዩነቱ ሳይጓዙ በስልክና በምስል ለሚደረጉ ስብሰባዎችም ይሠራል። የዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች በአካባቢው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ ሲጀምሩ፣ በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። የአዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከቀኑ 11፡30 ላይ ስለሚዘጉ፣ ሁለቱ ወገኖች በመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚገናኙበት ጊዜ በአንደኛው ወቅት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሌላው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ቀጠሮ የሚይዝ ክፍል ይህችን አጭር ጊዜ አስቀድሞ ሊያውቃት ይገባል።

በአጠቃላይ በቦሌና በደለስ መካከል ያለው 11 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር የማይለወጥ ቢሆንም፣ ርቀቱን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ጊዜ ግን በነፋሱ አቅጣጫ፣ በመነሻው ማኮብኮቢያ ከፍታ፣ በአየር ክልሎች ሁኔታና በመካከለኛው ማረፊያ ይወሰናል። የጉዞ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ የሥራ ክፍሎች በትኬት ላይ የሰፈረውን ሰዓት ከሰዓት ልዩነቱ ጋር አገናዝበው፣ ቀኑን ከነአጥቢያው ለይተው፣ ለሄጅ 17 ሰዓት ለተመላሽ 13 ሰዓት ይዘው ቢያሰሉ፣ የተላከው ልዑክ በሰዓቱና ለሥራው ብቁ ሆኖ ይደርሳል።